ቴዎፍሎስ ዋልድማየር

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር (እ.ኤ.አ. 1832 – 1915) የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሚስዮናዊና የእጅ ባለሙያ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሳው በዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት፣ መድፍ ካፈሰሱት አውሮፓውያን አንዱና እንደ ቃል አቀባያቸው ስለነበረ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ከዚሁ የሥራ ቦታ የወጣ ነው። ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ ደግሞ በሊባኖስ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ወጣትነትና የክሪሾና ትምህርት

ዋልድማየር የተወለደው በስዊዘርላንድ ሲሆን ያደገው በካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በወጣትነቱ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ተሻገረና በባዝል ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ገባ። ይህን ትምህርት ቤት በ1840 የመሠረተው ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር ነበር። የትምህርት ቤቱ አሠራር ከሌሎቹ የሚስዮን ተቋማት ይለያል። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የገበሬና የእጅ ባለሙያ ልጆች ነበሩ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የእንጨት፣ የብረትና የግንባታ ሥራ ይማራሉ። የተላኩበት አገር ሲደርሱ ከሌላ ሰው ገንዘብ ሳይጠብቁ በእጃቸው ሠርተው እንዲያድሩ፣ በሥራቸውም ከሕዝቡ ጋር እንዲቀራረቡ ይፈለግ ነበር። ሽፒትለር ከኢየሩሳሌም ተነስቶ እስከ ኢትዮጵያ የሚዘልቅ የእንዲህ ያሉ ሠራተኞች ሰንሰለት ለመዘርጋት አስቦ ነበር።

የሐሳቡ ሁለተኛ ሰው በኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ነው። ጎባት በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው በመሆኑ አገሩን ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ከነገሡ በኋላ የመጀመሪያዎቹ የክሪሾና ሰዎች፣ ማለትም ማርቲን ፍላድ፣ ክርስቲያን ቤንደር፣ ዮሐንስ ማየርና ጎትሊብ ኪንዝለን፣ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ዋልድማየርና ጓደኛው ካርል ዛልሙለር የተከተሏቸው በ1859 ነው።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

ንጉሠ ነገሥቱ ሚስዮናውያኑን ሲቀበሉ ፍላጎታቸው ግልጽ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ማደላቸውን አልተቃወሙም፤ የሚፈልጉት ግን እጃቸውን ነው። ብረት የሚሠራ፣ ጠመንጃ የሚጠግን፣ መንገድ የሚያወጣ ሰው ይፈልጉ ነበር። ዋልድማየር ቋንቋውን ቶሎ በመልመዱና ጠባዩም የተረጋጋ በመሆኑ በቴዎድሮስ ዘንድ ሞገስ አገኘ።

ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ሱዛን ቤልን አገባ። ሱዛን የእንግሊዛዊው የጆን ቤልና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ነበረች። አባቷ ቤል ሊቀ መኳስ ተብሎ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን የማይለይ አማካሪና ወዳጅ ነበር፤ በ1860 ከዐማፅያን ጋር በተደረገ ውጊያ ቴዎድሮስን ሲከላከል ሞተ። ዛልሙለርም ኋላ የሱዛንን እህት አግብቷል። በዚህ የተነሳ ዋልድማየር እንግዳ ብቻ ሳይሆን ለቤተ መንግሥቱ የቀረበ የቤተሰብ ሰው ሆነ። ይህ ቅርበት በኋለኞቹ የመከራ ዓመታት ሕይወቱን እንዳተረፈለት መገመት አያስቸግርም፤ በሌላ በኩል ግን ትዕዛዝ እንቢ ለማለት የሚቻልበትን በር ዘግቶበታል።

ለክሪሾና ሰዎች የተሰጣቸው መኖሪያ ጋፋት ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኝ ኮረብታማ ቦታ ናት። እዚያ ቤት ሠሩ፣ የሥራ ቤት አቆሙ፣ ለልጆችም ትምህርት መስጠት ጀመሩ። ከእነሱ ሌላ የሚስዮን አባል ያልሆኑ ባለሙያዎችም እዚያው ተሰበሰቡ። ከእነዚህ መካከል ከሩሲያ ጦር ከድቶ የመጣው የፖላንድ አይሁዳዊ ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ይገኙበታል። ቀደም ብሎ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የመጣው ጀርመናዊ ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደርም በቴዎድሮስ አገልግሎት ውስጥ ነበር።

በዘመኑ የብረት ሠሪ ቦታ

ጋፋት ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበረች ለመረዳት በዘመኑ ብረት ሠሪ የነበረውን ቦታ ማስታወስ ይጠቅማል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ቢላዋው፣ ካራውና የጦሩ ጫፍ ሁሉ የሚወጣው ከቀጥቃጭ እጅ ነው። ያለ እሱ አይታረስም፣ አይታጨድም፣ አይዘመትም። ሆኖም ቀጥቃጭ ቡዳ ይባላል፤ ከእሱ ጋር መጋባት ነውር ነው፤ ብዙ ጊዜ መሬትም የለውም። በጎንደርና በአካባቢው ሙያው በአብዛኛው በቤተ እስራኤል እጅ ነበር። ነገሩ በሰሜኑ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በወላይታ ብረት ሠሪዎች ወጋጨ፣ ሸክላ ሠሪዎች ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂዎች ደገላ እየተባሉ ከገበሬው ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ ጋብቻውም እንደዚሁ የተከለከለ ነበር።

ሙያው የሚተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ ነው። ልጁ መጀመሪያ ወናፍ ይነፋል። የእሳቱን ቀለም አይቶ ብረቱ መቼ ለመዶሻ እንደደረሰ ማወቅ የሚማረው እዚያ ቁጭ ብሎ ነው፤ ብረቱ ሳይግል ከተመታ ይሰነጠቃል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ይቃጠላል። ቀጥሎ በጉጠት መያዝ፣ ከዚያ በመስፉ ላይ በመዶሻ ቅርጽ ማስያዝ ይመጣል። የቢላዋ ስለት ማውጣትና የጋለውን ብረት በውሃ ነክሮ ማጠንከር የመጨረሻው ነው፤ አንድ ቅጽበት ማሳለፍ ስለቱን ተሰባሪ ወይም ዱልዱም ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የሚያዘው በዓይንና በእጅ እንጂ በጽሑፍ አይደለም።

ሆኖም የአገሩ ቀጥቃጭ የሚያውቀው ብረትን አግሎ መቀጥቀጥ ነው። ቴዎድሮስ የፈለጉት መድፍ ግን የሚቀጠቀጥ ሳይሆን የሚፈስስ ነው። ይህ ሌላ ሙያ ነው፤ የሚያስተምረው ሰው ደግሞ በጋፋት አልነበረም። የክሪሾና ሰዎችም ቢሆኑ መድፍ አፍስሰው አያውቁም።

መድፍ የማፍሰስ ሙከራ

በ1860ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ዋልድማየርንና ጓደኞቹን ጠየቁ። እነሱም ሙያውን እንደማያውቁ ተናገሩ። መልሱ ተቀባይነት አላገኘም። ዋልድማየር በኋላ በጻፈው ትዝታ እንደተረከው እሺ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸው ታሰሩ። በመጨረሻም ለመሞከር ተስማሙ።

የሥራው አስቸጋሪነት በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ሆኖ ጥቂት ቆርቆሮ የሚጨመርበት ሲሆን ለመቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ ንጹሕ መዳብ ደግሞ 1,085 ዲግሪ። አንድ ቢላዋ የሚሆን ብረት ማጋል ለአንድ ወናፍ የሚቻል ነው። ብዙ ኩንታል ነሐስ በአንድ ጊዜ አቅልጦ፣ ሁሉም ፈሳሽ እንደሆነ ወደ ቅርጽ ማውጫው ማውረድ ግን ሙቀቱን የሚችል ጡብ፣ ጡቡን የሚያያይዝ ተስማሚ ጭቃና ትልቅ እቶን ይጠይቃል። ጡቡ ከነሐሱ በፊት ከቀለጠ ሁሉም ነገር ያበቃል። ከመሬት ውስጥ የሚቀበረው ቅርጽ ማውጫም አንዲት ጠብታ እርጥበት ካለችው ውሃው በድንገት እንፋሎት ይሆንና የቀለጠውን ነሐስ ወደ ሠራተኞቹ ይረጨዋል። መሃሉ ላይ የሚቆመው የመድፉን ባዶ ሆድ የሚያወጣው እምብርት ትንሽ ከተዛነፈ ደግሞ አንደኛው ጎን ይሳሳል፤ እንዲህ ያለው መድፍ የሚገድለው ተኳሹን ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሆኖም ሥራው አልተቋረጠም፤ እቶኑ እንደገና ተገነባ፣ ጭቃው ተለወጠ። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ሞርታሮች ተሳክተው ወጡ። የንጉሠ ነገሥቱ ደስታ ከፍተኛ ነበር፤ ሠራተኞቹም የክብር ልብስ፣ በቅሎና ገንዘብ ተሸለሙ። ስኬቱ ግን ዕዳ ይዞ መጣ። ትንሹ ከተሳካ በኋላ ቴዎድሮስ ትልቅ፣ ከትልቁ በኋላ ደግሞ የበለጠ ትልቅ መድፍ ይጠይቁ ጀመር።

በጋፋት ከአውሮፓውያኑ ጋር ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ኢትዮጵያውያን ይሠሩ ነበር። ጡብ የሚቀርጹት፣ ከሰል የሚያከስሉት፣ ወናፍ የሚነፉት፣ ብረት የሚቀጠቅጡት እነሱ ናቸው። የአውሮፓውያኑ ስም በየመጽሐፉ ሲገኝ የእነዚህ ስም ግን አልተመዘገበም። የጋፋት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዋልድማየርና ጓደኞቹ መድፍ ማፍሰስን በስህተትና በሙከራ ሲማሩ፣ የአገሩ ቀጥቃጮች የእሳትና የብረት ዕውቀት ከጎናቸው ነበር።

ሥራውና ኅሊናው

ዋልድማየር በሌሎች አውሮፓውያን ዘንድ ከባድ ትችት ደርሶበታል። ወንጌል ሊያስተምር መጥቶ የጦር መሣሪያ መሥራቱ ሚስዮናዊነቱን እንደ መካድ ተቆጠረ። በተለይ ከ1863 ጀምሮ እስር የወደቀባቸው ሰዎች የጋፋትን ነዋሪዎች በጥርጣሬ ያዩአቸው ነበር፤ እነሱ በሰንሰለት ታስረው ሳለ የጋፋት ሰዎች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ይበላሉ ይጠጣሉ የሚል ቅሬታ ነበር። ትችቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዋልድማየር ለእስረኞቹ ምልጃ ማቅረቡና በንጉሠ ነገሥቱና በእነሱ መካከል መልእክተኛ መሆኑም የታወቀ ነው። ሚስትና ልጆች ይዞ፣ ከአገሩ ሳይወጣ፣ ንጉሡንም ሳያስቀይም መኖር ምን ያህል ጠባብ መንገድ እንደሆነ የሩቅ ተቺዎቹ ብዙም አላሰቡበትም።

የችግሩ መነሻ ከጋፋት ውጭ ነበር። ቴዎድሮስ በ1862 በቆንስል ካሜሮን በኩል ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። በ1864 መጀመሪያ ካሜሮን ከሚስዮናውያን ጋር ታሰረ። ሆርሙዝድ ራሳም የዘገየውን መልስ ይዞ በ1866 ቢመጣም ብዙም ሳይቆይ እሱም ተያዘ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ማርቲን ፍላድን ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት አስቀርተው ወደ እንግሊዝ ላኩት። የጠየቁት ገንዘብ ወይም መሬት አልነበረም፤ የእጅ ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያ እንዲላክላቸው ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹንና መሣሪያውን እስከ ምጽዋ ልኮ እስረኞቹ ካልተለቀቁ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ አደረገ። ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ቆየ። ቴዎድሮስ ዕውቀትን በሰው አስገድደው ለማስመጣት ሲሞክሩ በዚያው መጠን ሰው የሚያስተምራቸውን በር እየዘጉ መሄዳቸው የዘመናቸው ትልቁ ተቃርኖ ነው ማለት ይቻላል።

በ1867 በንጉሠ ነገሥቱና በጋፋት ሰዎች መካከል የነበረው መተማመንም ተበላሸ። ሠራተኞቹ ከጋፋት ተነስተው ወደ ደብረ ታቦር እንዲዛወሩ ተደረገ፤ ሥራቸውም በጥበቃ ሥር ሆነ።

ሴባስቶፖልና የመቅደላ ጉዞ

ከሁሉ ትልቁ መድፍ የተፈሰሰው በዚህ ወቅት ገደማ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። ስሙን ያገኘው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ ከሴባስቶፖል ነው።

ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። መድፎቹ ጋፋት ሠራሽ በሆኑ ጋሪዎች ላይ ተጭነው በሰው ጉልበት ይጎተቱ ነበር። ለሴባስቶፖል ብቻ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወታደሮች ያስፈልጉ ነበር። መንገድ በሌለበት አገር እያንዳንዱ ቀን በመንገድ ሥራ ያልፋል፤ ድንጋይ ይፈለጣል፣ ገደል ይሞላል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ ነበር። ዋልድማየርና ጓደኞቹ ጋሪዎቹን ይጠግናሉ፣ መንገዱን ይቀይሳሉ። የጂጣና የበሽሎ ሸለቆዎች ቁልቁለትና ዳገት ከሁሉ የከፋ ነበር። ጉዞው ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶ መድፉ በመጋቢት 1868 መጨረሻ መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዝ ጦርም በኋላ ወደ መቅደላ ሲወጣ ይህንኑ መንገድ ተጠቅሟል።

ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሲገጠም የቴዎድሮስ መድፎች ከፋላ ኮረብታ ተኩሰዋል፤ ከትላልቆቹ አንዱ ግን በራሱ ፈነዳ። የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ስለነበር ውጊያው በሰዓታት ውስጥ አለቀ። በዚያ ሌሊት ንጉሠ ነገሥቱ ዕርቅ ለመጠየቅ ወደ ራሳም የላኩት ዋልድማየርን ከጓደኛው ጋር ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት እስረኞቹ፣ ከዚያም ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው ተለቀቁ። ሚያዝያ 13 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ መቅደላ ስትያዝ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ።

ከኢትዮጵያ በኋላ

ዋልድማየር በኢትዮጵያ ለመቆየት አልቻለም፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር አውሮፓውያኑን ሁሉ ይዞ ወጣ። ከሱዛንና ከልጆቹ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ ቤይሩት ሄደ። በ1868 የአገውኛ ቃላት ስብስቡ፣ በ1869 ደግሞ የኢትዮጵያ ቆይታው ትዝታ በጀርመንኛ ታተሙ። በ1886 የሕይወት ታሪኩ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ስለ ጋፋት የሚታወቀው ብዙው ነገር የተገኘው ከእነዚህ ጽሑፎች ነው፤ ስለዚህ አንባቢ ጸሐፊው ስለ ራሱ ሥራ እየተከላከለ መጻፉንም ማሰብ አለበት።

በቤይሩት ለእንግሊዞች ትምህርት ቤቶች ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1873 በሊባኖስ ተራራ ላይ ብሩማና በተባለችው መንደር የራሱን ትምህርት ቤት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ወደ ኩዌከሮች ማኅበር ገባ። ኩዌከሮች ጦርነትንና የጦር መሣሪያን ፈጽሞ የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው። የሴባስቶፖል ሠራተኛ መጨረሻው እዚህ ማኅበር ውስጥ መሆኑ የሕይወቱን ሁለት ግማሾች ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው አስገራሚ ነው።

በስተርጅናው የያዘው ሥራ የአእምሮ ሕሙማንን የሚመለከት ነበር። በዘመኑ በአካባቢው እንዲህ ያሉ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ፣ በዋሻ ይዘጉ ነበር። ዋልድማየር በ1896 ሥራውን ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ገንዘብ ለመነ፤ በቤይሩት አቅራቢያ በዐስፉሪያ ሆስፒታሉ ተሠርቶ በ1900 ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። በዓመታቱ ውስጥ ከአካባቢው ታላላቅ የአእምሮ ሕክምና ተቋማት አንዱ ሆነ። ዋልድማየር በ1915 ዐረፈ።

ከጋፋት የቀረው

የጋፋት እቶኖች ከ1868 በኋላ ጠፉ። የተጀመረው መድፍ የማፍሰስ ሙያ ከቴዎድሮስ ጋር ተቋረጠ፤ ተከታዮቹ ነገሥታት መሣሪያ ከውጭ መግዛትን መረጡ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ወላይታን ሲወጉ የካዎ ጦና ተዋጊዎች በአብዛኛው የያዙት በአገራቸው ወጋጨ እጅ የተሠራ ጦር ነበር፤ በሌላው ወገን የነበረው ደግሞ ከአውሮፓ የተገዛ ጠመንጃ ነው። ውጤቱ ለወላይታ እጅግ አስከፊ ሆነ። ምኒልክ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ልማዱ ግን በዐዋጅ ብቻ የሚለቅ ሆኖ አልተገኘም።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል። አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የብሩማና ትምህርት ቤት እስካሁን ያስተምራል፤ የዐስፉሪያ ሆስፒታል ግን በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተጎድቶ በ1982 ተዘግቷል።